ጆርጅታውን ያለችው ጠባብ ቤት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

ባለፈው እትም ስለ ዋሽንግተን ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ደብዳቤው ጎረፈ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ያለ አይመስልም። ከመጡት ውስጥ አራቱ ስለ አንድ ሰፈር ስለሆኑ ሌላውን አሳድሬ ዛሬ እነሱን ብቻ ልመልስ። ሰፈሩ ጆርጅታውን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የእኛውን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዋሽንግተን ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። በቀደም «ጆርጅታውን ነኝ» ብላ ቀይ የጡብ ቤት ፊት ለፊት ቆማ የተነሣችውን ፎቶ ላከችልኝ። ቤቷ ጠባብ ናት፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቃለች፣ አጥር የላትም፣ በሯ ሲከፈት በቀጥታ መንገድ ላይ ነው። ልጄ ግን «እማ፣ ይቺ ቤት ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ነው የምታወጣው» አለችኝ። ሆጤ ያለው የኔ ቤት እኮ ከሷ ይሰፋል! ጎረቤት ፎቶውን ካየ ወዲህ ደግሞ የእድሩ ሰዎች «ለድንኳን መግዣ ልጅሽ ታግዘን» እያሉ በር ያንኳኩብኛል። ልጄ ቀልዳብኝ ነው ወይስ እውነት ነው? (እናት ነኝ፣ ከሆጤ)

መልስ፦ እትዬ፣ አብሽሩ፣ ልጅዎ አልቀለደችም። እንዲያውም አንድ ሚሊዮን ተኩል እዚያ ሰፈር የሚያስደንግጥ ዋጋ አይደለም። አራት አምስት ሜትር ስፋት ያላት፣ ደረጃዋ እንደ መሰላል የቆመ ቤት በዚያ ዋጋና ከዚያም በላይ ትሸጣለች።

ለምን? አንደኛ ነገር እዚያ መሬቱም የግል ነው። እኛ ቤት ስንሸጥ በወረቀት ደረጃ የምንሸጠው ከላይ ያለውን ነው፣ መሬቱ የመንግሥት ነው። እነሱ አፈሩንም ጭምር ነው የሚሸጡት። ሁለተኛ፣ ቦታው ከዋይት ሃውስ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሦስተኛ፣ ሌላ ቤት መጨመር አይቻልም። አሮጌውን አፍርሶ ፎቅ መደርደር እንደልብ አይፈቀድም (ይሄን ከታች ለፒያሳው ልጅ በሰፊው እመልሳለሁ)። ፈላጊው በየዓመቱ ይጨምራል፣ ቤቱ ግን ያው ነው። የቤት ግብሩም ቀላል አይምሰልዎ። በከተማው ተመን ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ግምት 85 ሳንቲም ስለሚከፈል የልጅዎ ፎቶ ላይ ያለችው ቤት ባለቤት በዓመት ወደ 13 ሺህ ዶላር ገደማ ለከተማው ይገብራል ማለት ነው።

ጥበቱ ደግሞ ከዕድሜው ነው። ጆርጅታውን ዋሽንግተንን በዕድሜ ይበልጣታል። በ1751 ሲቆረቆር አሜሪካ የምትባል አገር ገና የለችም፣ ቦታው በእንግሊዝ ሥር ያለ የሜሪላንድ ግዛት ነበር። ፖቶማክ ወንዝ ላይ ከባሕር የሚመጣ መርከብ ከዚያ በላይ መዝለቅ ስለማይችል እዚያው ትንባሆ የሚጫንበት ወደብ ሆነ። ዋሽንግተን ከጎኑ የተጀመረችው 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። እስከ 1871 ድረስ ጆርጅታውን ለብቻው ከተማ ነበር፣ ከዚያ ተጠቀለለ። በ1895 ደግሞ የመንገዶቹን ስም ቀየሩበት፤ ብሪጅ ስትሪት ኤም ስትሪት ተባለ፣ ሃይ ስትሪትም በኋላ ዊስኮንሲን አቬኑ ተባለ። የሰፈሩ ስም ግን አልለቀቀም። አራዳን ምን ብለው ቢቀይሩት እኛ አራዳ ማለታችንን እንደማንተወው ማለት ነው። መንገዱም ቤቱም ለእግረኛና ለጋሪ የተሠራ ነውና ጠባብ ቢሆን አይግረምዎ።

አሁን ጉዱን ልንገርዎ። የዛሬ መቶ ዓመት ይሄ ሰፈር ሀብታም የሚመኘው ቦታ አልነበረም። በ1828 ከጆርጅታውን ወደ ምዕራብ ተራሮች የሚዘልቅ የጀልባ ቦይ መቆፈር ጀመሩ። ጀልባዎቹን የሚጎትቱት በቦዩ ዳር የሚሄዱ በቅሎዎች ነበሩ። ከምበርላንድ የምትባል ከተማ እስኪደርስ 22 ዓመት ፈጀ፣ ርዝመቱ 297 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ሦስት አራተኛውን መንገድ በሉት። ያ ሁሉ ተለፍቶ ባቡር ቀደመው። በ1924 ጎርፍ መጣና ቦዩን ጨርሶ አስተኛው። የወንዙ ዳር የዱቄት ወፍጮና የፋብሪካ ጭስ ሆኖ ቀረ፣ ቤቱ አረጀ፣ ኪራዩ ወረደ፣ ድሃው ገባበት።

ከዚያ በ1930ዎቹ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን መንግሥት ብዙ ሠራተኛ ቀጠረ። እነዚህ ደመወዝተኞች ለቢሮ ቅርብ፣ ርካሽና የጥንት መልክ ያለው ቤት ሲፈልጉ ጆርጅታውንን አገኙ። ገዙ፣ አደሱ፣ ጓደኛ ጠሩ። ጆን ኬኔዲ ሴናተር ሳሉ በ1957 ኤን ስትሪት ላይ ቤት ገዝተው ገቡ፣ ከዚያችው ቤት ነው በጃንዋሪ 1961 ወደ ዋይት ሃውስ የተሻገሩት። ጃንሆይ በኦክቶበር 1963 ዋሽንግተን ሲሄዱ የተቀበሏቸው እኚሁ ኬኔዲ ናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ጃንሆይ ለቀብራቸው ተመልሰው ሄዱ። ባለቤታቸው ዣክሊን ልጆቻቸውን ይዘው ከዋይት ሃውስ ሲወጡም ያረፉት ጆርጅታውን ነው። እንዲህ ያለ ስም የተቆለለበት ሰፈር በኋላ ማን ዋጋውን ያውርደው!

እንግዲህ ስለ ልጅዎ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለእህቴ ልጅ ሰርግ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆይቻለሁ፣ ጆርጅታውንንም በእግሬ ዞሬዋለሁ (የእግረኛ መንገዱ ጡብ ነው፣ የዛፍ ሥር ገፍቶት ይጎረብጣል፣ ሁለቴ ልወድቅ ነበር)። እዚያ ያገኘኋቸው የአገራችን ልጆች ታክሲ ውስጥ ነበሩ፣ መኪና ማቆሚያ ጋ ነበሩ፣ አንዷ ደግሞ አንዲት ነጭ አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ነበር። በአማርኛ ብጠራት ደንግጣ ሳቀች። ማታ ማታ አብዛኞቹ ከዋሽንግተን ዳር ወዳሉት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ነው የሚበተኑት። ኪራዩ የሚቀመሰው እዚያ ነዋ። ልጅዎ «ጆርጅታውን ነኝ» ስትል እኖራለሁ ማለቷ ይሁን እሠራለሁ ማለቷ፣ ብቻዋን ስትሆን ቀስ ብለው ይጠይቋት። ሁለቱም አያሳፍርም። የእድሩን ሰዎች ደግሞ ቤት ፊት ፎቶ የተነሣ ሁሉ ባለቤት አይደለም በሏቸው። እኔም ኬኔዲ ቤት ደጃፍ ተነሥቻለሁ፣ እስካሁን ማንም መዋጮ አልጠየቀኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወንድሜ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳል፣ ልጠይቀው ልሄድ ፕሮሰስ ላይ ነኝ። ጆርጅታውን ባቡር አይገባም ይባላል። ሀብታሞቹ «ድሃ ይመጣብናል» ብለው ከለከሉ አሉ። ሐቅ ነው? (ከኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ)

መልስ፦ ባቡር አለመግባቱ ሐቅ ነው። ምክንያቱ ግን ወሬ ነው፣ ዋሽንግተን ውስጥም ያንኑ ወሬ ሲነግሩኝ ነበር። ሰፈርተኛው ባቡሩን ደስ ብሎት ነበር ማለቴ አይደለም፣ ያጉረመረመም ነበረ። ነገር ግን ዕቅድ አውጪዎቹ መጀመሪያውኑ ጆርጅታውን ላይ ልባቸውን አልጣሉም። በ1960ዎቹ ሲነድፉት ሐሳባቸው ከዳር ያለውን ሠራተኛ መሀል ከተማ ቢሮ ማድረስ ነበር፣ ጆርጅታውን ደግሞ ብዙ ቢሮ የለውም። መሬቱም አስቸጋሪ ነው። ባቡሩ በፖቶማክ ሥር ነው የሚሻገረው፣ ሰፈሩ ያለው ደግሞ ከወንዙ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ በሚወጣ ዳገት ላይ ነው። አንተ ሐረጎን የምትወጣ ሰው ነህ፣ ዳገት ለተሽከርካሪ ምን እንደሆነ አይነገርህም። አይሱዙ ቢያንስ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ የምድር ውስጥ ባቡር እንደዚያ አይጠማዘዝም። ጣቢያ ቢሠራ በጣም ጥልቅ መሆን ነበረበት።

ፎጊ ቦተም የሚባል ጣቢያ ወርደህ ሩብ ሰዓት ብትራመድ ትደርሳለህ። ወንድምህ በታክሲ ላድርስህ ካለ እምቢ በለው፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ብቻ ቀኑ ይመሻል።

ጥያቄ፦ ታሪክ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ «ጆርጅታውን ውስጥ ድሮ ከባርነት ነፃ የወጣ ሙስሊም የራሱ ቤት ነበረው» ብሎ ክፍል ውስጥ ተናገረ። ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ልጆቹም ሳቁበት። እውነት ከሆነ ልጁን ይቅርታ ልጠይቀው ነው። (መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ ይቅርታውን ዛሬውኑ ይጠይቁት፣ ማርክም ይጨምሩለት።

ሰውየው ያሮ ማሙት ይባላል። የፉላኒ ተወላጅ ነው፣ ከምዕራብ አፍሪካ። በ1752 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ በመርከብ ተጭኖ ሜሪላንድ ደረሰ። 44 ዓመት በባርነት አገለገለ። ሲያረጅ ጌታው «ለአዲሱ ቤቴ ጡብ ሥራልኝና ነፃ አወጣሃለሁ» አለው። ጡቡ ተሠራ፣ ጌታው ግን ቃሉን ሳይፈጽም ሞተ። ሚስቱ ቃሉን አከበረችና በ1796 ያሮ ነፃ ወጣ። ዕድሜው ስድሳ ደርሷል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው እኔ የምወደው። ቀን በቀን ሥራ፣ ሌሊት ሌላ ሥራ እየሠራ 100 ዶላር አጠራቀመና ሰው ጋ በአደራ አስቀመጠ። ሰውየው ሞተ፣ ገንዘቡም ቀረ። እንደገና ከዜሮ 100 ዶላር አጠራቀመ፣ ለአንድ ነጋዴ ሰጠ። ነጋዴው ከሰረ። ሰው በዚህ ዕድሜው ይሄ ሲደርስበት ምን ይላል? ያሮ ሦስተኛውን ጀመረ። ይሄኛውን ግን ለሰው አልሰጠም፣ የባንክ አክሲዮን ገዛበት። በ1800 ደግሞ ዛሬ ዴንት ፕሌስ በሚባለው መንገድ ቤትና ቦታ በስሙ ገዛ። አሳማ አይበላም፣ መጠጥ አይቀምስም፣ መንገድ ላይ ፈጣሪውን እያመሰገነ ሲሄድ ጎረቤት ሁሉ ያውቀው ነበር። በ1819 ቻርልስ ዊልሰን ፒል የሚባል ስመ ጥር ሠዓሊ፣ ጆርጅ ዋሽንግተንን ደጋግሞ የሣለው ማለት ነው፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሣለው። ሥዕሉ ዛሬ ፊላዴልፊያ ሙዚየም ውስጥ አለ። ቆቡን ደፍቶ፣ ፈገግታ ዳር ላይ ሆኖ ያያችኋል። ወላሂ፣ ሸዋ በር መስጊድ ደጃፍ የማውቃቸውን አንድ ሽማግሌ ነው የሚመስለው። በ1823 ሲሞት ግቢው ጥግ፣ ሁልጊዜ ይሰግድበት የነበረው ቦታ ላይ እንደተቀበረ ተጽፏል። በ2015 አርኪዮሎጂስቶች ግቢውን ቆፍረው ነበር፣ አፅሙ አልተገኘም።

ለክፍልዎ የሚሆን ሌላም አለ። በሰፈሩ ምሥራቅ በኩል ሄሪንግ ሂል የሚባል የጥቁሮች መንደር ነበር፣ ስሙን ያገኘው ከሥሩ ባለው ጅረት ይጠመድ ከነበረው ዓሣ ነው። በ1816 የነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለብቻ መገለላቸው ያንገሸገሻቸው ጥቁሮች ወጥተው የራሳቸውን መሠረቱ፣ ማውንት ዛየን ይባላል፣ ዛሬም አለ። እዚያው ሰፈር ያለው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1838 ዕዳ ሲያጨናንቀው፣ የሚመሩት ኢየሱሳውያን ካህናት 272 ባሪያዎቻቸውን ለሉዊዚያና ባለእርሻዎች ሸጡ። ሕፃናትም ነበሩበት። ጡቡን ስታዩ ይሄንንም እዩ በሏቸው።

ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለእናት ከሆጤ የነገርኳቸው ደመወዝተኞች ሲገቡ እነዚህ ጥቁር ቤተሰቦች ወጡ። በዱላ ያባረራቸው የለም። ባለቤቱ ቤቱን ለማደስ ተከራዩን አስወጣ፣ ግምቱ ከፍ አለ፣ ግብሩ ከበደ፣ የራሱ ቤት ያለውም ጥሩ ዋጋ ሲመጣለት ሸጠ። ዛሬ የማውንት ዛየን ምእመናን አብዛኞቹ እሑድ እሑድ ከሌላ ሰፈር በመኪና እየመጡ ነው የሚሳለሙት። ቤተ ክርስቲያኑ ቀረ፣ ሰፈርተኛው ሄደ።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ ወረድ ብሎ የአያታችን ቤት አለ። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ፊት ለፊቱ የተጠረበ እንጨት በረንዳ። ወንድሞቼ አፍርሰን ጂ ፕላስ ፎር እንሥራ ይላሉ። እኔ ልቤ አልቆረጠም። እህቴ አሜሪካ ሆና «እዚህ ጆርጅታውን ቢሆን መስኮቱን እንኳ አትነኩትም ነበር» ትለናለች። እውን እንዲህ ነው? ምን ትመክረኛለህ? (የፒያሳው ልጅ)

መልስ፦ እህትህ ልክ ናት። በ1950 ለጆርጅታውን ብቻ የወጣ ሕግ አለ። ሦስት አርክቴክቶች ያሉበት ቦርድ ተቋቁሟል፣ በየወሩ ገደማ እየተቀመጠ ማመልከቻ ያያል። ከመንገድ የሚታይ ነገር ከሆነ መስኮት መቀየርም፣ ፎቅ መጨመርም፣ የሱቅ ታፔላ መስቀልም በነሱ በኩል ነው የሚያልፈው። በ1967 ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ተብሎ ተመዘገበ። የሚገርመው ግን ቦርዱ ውስጥ አይገባም። ከውጭ የ1800 መልክ ያላት ቤት ውስጧ ሊፍት ሊኖራት ይችላል፣ ምድር ቤቷን ጂም ማድረግ ትችላለህ። የሚጠበቀው ፊቷ ነው።

የኛ አገር ሕግም ባዶ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) በቅርስነት የተመዘገበን ነገር ያለፈቃድ መነካካት ይከለክላል። ስለዚህ አንድ ቀን ወስደህ የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ሂድ፣ ቤታችሁ ተመዝግቧል ወይ ብለህ ጠይቅ። ካልተመዘገበ እንዲታይላችሁ አመልክት። መልሱ እስኪመጣ በረንዳውን በደንብ ፎቶ አንሣው፣ ልኩን ውሰድ፣ ጠርቡን የጠረበው ማን እንደሆነ ሽማግሌ ሳያልቅ ጠይቅ። አይጠየፍ አዳራሽን ለንጉሥ ሚካኤል የሠሩት እጆች እኮ በየሰፈሩ ቤት ሳይሠሩ አልቀሩም ብዬ እኔ ሁልጊዜ አስባለሁ፣ ማስረጃ አትጠይቀኝ እንጂ። ወንድሞችህን ደግሞ ሁለት አማራጭ አሳያቸው፤ የፊቱን ቤት አድሶ ቡና ቤት ወይም ፔንሲዮን ማድረግ፣ ፎቁን ከኋላ ባለው ባዶ ቦታ መሥራት። ሒሳቡን በወረቀት ካላሳየሃቸው «ታሪክ፣ ቅርስ» ብትል አይሰሙህም፣ እውነታቸውን ነው፣ ቤተሰብ በታሪክ አይበላም።

በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር አልፈሃት የሄድካት ነገር ግን ከነከነችኝ። ጓሮ ባለችው ክፍል 20 ዓመት የተከራዩ፣ ቆሎ ቆልተው የሚሸጡ እናት አሉ ብለሃል። አፈረሳችሁትም አደሳችሁትም መጀመሪያ የሚወጡት እሳቸው ናቸው። የጆርጅታውን ሕግ ለመስኮቱ ቦርድ አቋቁሟል፣ ለተከራዩ ግን ምንም አላለም። እናንተ አራት እህትማማችና ወንድማማች ናችሁ፣ ለመስማማት ቦርድ አያስፈልጋችሁም። አዲስ ከሚሠራው ውስጥ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ፣ ሁለት በሦስት ብትሆን እንኳ፣ ለሳቸው በሚችሉት ኪራይ ትያዝ።

ለመነጋገር ቅዳሜ ስትሰበሰቡ እሳቸውንም ጥራቸው። ቡና እንዲያፈሉላችሁ ሳይሆን እንዲቀመጡ ነው። ቡናውን ከወንድሞችህ አንዱ ያፍላው።